ቤቱ ያጣው፣ መሣሪያው ያላጣው

እንግሊዛዊው የፊልም አዘጋጅ ኬን ሎች እ.ኤ.አ. በ2019 በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ያቀረበው «ሶሪ ዊ ሚስድ ዩ» ርእሱን ያገኘው ከአንዲት ብጣሽ ካርድ ነው። ዕቃ አመላላሹ በር አንኳኵቶ ባለቤቱን ሲያጣ፣ መምጣቱን ለማሳወቅ ትቷት የሚሄዳት ካርድ ናት። የእንግሊዝኛው ሐረግ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል «መጥተን ስላላገኘንዎ ይቅርታ» ይላል፤ በሌላ በኩል «ናፍቀኸናል» ይላል። ፈረንሳዮች ፊልሙን በሲኒማ ቤቶቻቸው ሲያሳዩ ርእሱን መተርጐም ትተው እንግሊዝኛውን እንዳለ አስቀመጡት። አማርኛ ግን ለዚህ አይቸገርም። «አጣንህ» የምትለው አንዲት ቃል ሁለቱንም ትሸከማለች፤ ፈልጎ ያላገኘም «አጣሁህ» ይላል፣ ወዳጁ ከዐይኑ የራቀበትም «የት ጠፋህ፣ አጣንህ እኮ» ይላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ፊልሙን «አጣንህ» ብለን እንጥራው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለሰው ሾፌር ልጅ ይህን ቃል ያለ አስተርጓሚ ያውቀዋል።

ሪኪ ተርነር በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው በኒውካስል ከተማ የሚኖር የሁለት ልጆች አባት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተከሰተው የባንኮች ቀውስ ቤት የመግዛት ተስፋውን አፍርሶበታል። ከዕዳ ለመውጣት ዕቃ የማመላለስ ሥራ ውስጥ ይገባል። የመጋዘኑ ኀላፊ ማሎኒ ገና በመጀመሪያው ትዕይንት የቃላት ትምህርት ይሰጠዋል፤ በዚህ ቤት ቅጥር የለም፣ ደመወዝ የለም፣ አሠሪም የለም፤ ያለው ራሱን የቻለ ባለ መኪና ብቻ ነው። መኪናዪቱን ለመግዛት ሚስቱ አቢ የምትሠራባት መኪና ትሸጣለች፤ አዛውንትንና ሕሙማንን በየቤታቸው እየዞረች የምትረዳው አቢም ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ ጠባቂ ትሆናለች። ለሪኪ ደግሞ በእጅ የሚያዝ አንድ መሣሪያ ይሰጠዋል። መሣሪያው የእያንዳንዱን ጥቅል ጕዞ ይመዘግባል፣ ሰውዬው የት እንዳለ ያውቃል፣ ከመኪናው ከሁለት ደቂቃ በላይ ሲርቅም ይጮኻል። «ራሱን የቻለ» የተባለው ሰው ለሦስተኛዋ ደቂቃ ባለቤት አይደለም።

የፊልሙ ጥንካሬ ይህን መሣሪያ ጭራቅ አድርጎ አለማሳየቱ ላይ ነው። መሣሪያው ትንሽ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ከወገብ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ1936 ቻርሊ ቻፕሊን በሠራው «ሞደርን ታይምስ» ውስጥ የፋብሪካው ባለቤት ግዙፍ ፊቱን በመጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ብቅ አድርጎ፣ ሲጋራውን የለኰሰውን ሠራተኛ ወደ ሥራህ ተመለስ ይለዋል። ያ ትዕይንት የሚያስቀው ተቈጣጣሪው ፊት ስላለው ነው፤ ፊት ያለው ሰው ይሰደባል፣ ይለመናል፣ ይታለላልም። ቻፕሊን ያንን ፊልም ባሳየበት ዓመት የተወለደው ሎች የሰማንያ ሦስት ዓመት ልምዱን ይዞ ሲመጣ፣ ፊቱ ከግድግዳው ላይ ጠፍቶ ድምፅ ብቻ ቀርቷል። ሪኪ የሚከራከረው ከማሎኒ ጋር ይመስላል፤ ማሎኒ ግን መሣሪያው ያለውን ከማስተጋባት ያለፈ ሥልጣን የለኝም ባይ ነው። ሰውየው ከመሣሪያው ጀርባ ተደብቆ፣ መሣሪያው ከሰውየው ጀርባ ተደብቆ፣ ተጠያቂ ይጠፋል።

በእኔ ግምት ከፊልሙ ሁሉ የላቀው ትዕይንት ቅዳሜ ዕለት ትንሿ ልጅ ሊዛ ከአባቷ ጋር መኪናው ውስጥ ገብታ ዕቃ ስታድል የምትውልበት ነው። በቤቱ ውስጥ የጠፋው ሳቅ ለአንድ ቀን ይመለሳል። ቀጥሎ አንድ ደንበኛ ይከሳል፤ ማሎኒም ልጅ ይዞ መሥራት ይከለክላል። መኪናዋ የሪኪ ናት፣ ልጅቱ የሪኪ ናት፤ ክልከላው ግን የኩባንያው ነው። የፊልሙ ርእስ ትርጕሙን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ መሣሪያው ለአንዲት ደቂቃ የማያጣውን ሰው፣ ቤቱ አጣው።

ይህ ፊልም ለኛ ለጅቡቲ ነዋሪዎች ምናችን ነው? የሚል ቢኖር ወደ ፔካ ዱዝ ወጣ ብሎ የቆሙትን ተሳቢዎች መመልከት ይበቃዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከገጠመችና የአሰብ በር ከተዘጋ ወዲህ፣ ከገቢና ወጪ ንግዷ ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ የሆነው በዚህች ከተማ ወደቦች ነው የሚያልፈው። አዲሱ ባቡር እ.ኤ.አ. በጥር 2018 መደበኛ ሥራውን ቢጀምርም የጭነቱ ብዙው እጅ አሁንም በጎማ ላይ ነው። ከዶራሌ ተነሥቶ በዲክሂልና በጋላፊ፣ ከዚያም በሚሌ በኩል አዲስ አበባ እስኪደርስ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዘው ሾፌር፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ተከታታይ ሊኖረው ይችላል። አንደኛው የኢትዮጵያ ጉምሩክ በትራንዚት የሚያልፈውን ጭነት የሚጠብቅበት የኤሌክትሮኒክ ማኅተም ነው። ሁለተኛው የመኪናው ባለንብረት በመኪናው ውስጥ ያስገጠመው ጂፒኤስ ነው። የመጀመሪያው ዕቃውን ይጠብቃል፤ ሁለተኛው በስሙ መኪናውን፣ በግብሩ ግን ሰውየውን ይጠብቃል። በከተማችን ውስጥም ዕቃና ሠራተኛ በሚያመላልሱት የድርጅት መኪኖች ላይ ይኸው መሣሪያ የሚታይ ሆኗል።

ስለ መሣሪያው አሠራር በሰፊው የሚነገር አንድ ስሕተት አለ፤ «ሳተላይቱ ከላይ ያየዋል» ይባላል። ሳተላይቱ ማንንም አያይም። ጂፒኤስ እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካ የጦር ኀይል የወጠነው ሥርዓት ነው፤ ሳተላይቶቹ በ20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ እየዞሩ ሰዓታቸውንና ቦታቸውን ብቻ ይናገራሉ። በመኪናው ውስጥ ያለው መሣሪያ ቢያንስ የአራቱን ድምፅ ሰምቶ የራሱን ቦታ ያሰላል። ያሰላውን ለባለንብረቱ የሚያደርሰው ደግሞ እንደ ማናቸውም ስልክ በሲም ካርድ በኩል ነው። ጠባቂው ሰማይ ላይ የለም፤ ጋቢናው ውስጥ፣ ከሾፌሩ ጋር አብሮ ተቀምጧል። የስልክ መስመር በሌለበት በረሓ ውስጥ ደግሞ መልእክቱ ይቋረጣል። ጥሩው መሣሪያ የመዘገበውን አቈይቶ በኋላ ይልካል፤ ርካሹ ግን በካርታው ላይ ባዶ ቦታ ትቶ ያልፋል። ያን ባዶ ቦታ የሚያየው የስምሪት ሠራተኛ የሚያነበው እንደ ጠባዩ ነው፤ ቀናው «መስመር የለም» ይላል፣ ተጠራጣሪው «ነቅሎታል» ይላል።

እዚህ ላይ የትርጕም ጕዳይ ይነሣል። ፈረንሳይኛ ለዚህ ሥራ «ሱርቬዬ» የሚል ግሥ አለው፤ ሲፈታ «ከበላይ ሆኖ ነቅቶ መጠበቅ» ማለት ነው። ሚሼል ፉኮ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ እስር ቤት ታሪክ የጻፈው ዝነኛ መጽሐፍ ርእሱን የጀመረው በዚህ ግሥ ነው። አለን ሸሪዳን እ.ኤ.አ. በ1977 ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው ተመጣጣኝ ግሥ በማጣቱ ቃሉን ትቶ «ዲስፕሊን» በሚል ተካው። አማርኛችን ብዙ አማራጭ አለው፤ መጠበቅ፣ መቈጣጠር፣ መሰለል፣ መከታተል እንላለን። መሥሪያ ቤቶቹ የመረጡት «ክትትል» የሚለውን ነው፤ ምርጫውም የዋህ አይደለም። ሐኪም በሽተኛውን ይከታተላል፣ ወላጅ የልጁን ትምህርት ይከታተላል፤ ቃሉ የእንክብካቤ ሽታ አለው። ሌባና ሰላይም ግን ይከታተላሉ። ማሎኒ ለሪኪ ቅጥርን ሽርክና ብሎ እንደሰየመለት ሁሉ፣ ለሾፌሩ የሚቀርበው ወረቀትም ጥርጣሬን እንክብካቤ ብሎ ሊሰይምለት ይችላል።

ይሁንና በቃሉ ሥር አንድ እውነት አለ። ፈረንሳይኛው ከላይ ያያል፤ አማርኛው ከኋላ ይከተላል። ጂፒኤሱም የሚሠራው የሁለተኛውን ሥራ ነው፤ የሚመዘግበው ዱካን ነው። ዱካ ደግሞ ሰው የት እንደ ደረሰ ይናገራል እንጂ ለምን እንደ ሄደ አይናገርም። «መኪናው ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ቆሟል» ይላል መዝገቡ። በሐምሌ፣ ካምሲን በሚነፍስበት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ሜዳ ላይ መቆም ስንት ምክንያት አለው? ጎማ ፈንድቶ ይሆናል፤ ሾፌሩ አተኵሶት ይሆናል፤ ረዳቱ ውኃ ፍለጋ ሄዶ ይሆናል፤ ከፊት ያለው ወረፋ አልንቀሳቀስ ብሎ ይሆናል። ናፍታ ሲቀዳም ይሆናል። በካርታው ላይ ሁሉም አንድ ዐይነት ነጥብ ናቸው።

በአያቶቻችን ዘመን ጥፋተኛ የሚፈለግባቸው ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው ሌባ ሻይ ነው። አንድ ልጅ መድኀኒት ይጠጣና ደንዝዞ በየመንደሩ ይነዳል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፣ ዕዳውንም ይከፍላል። ልጁ ለምን እዚያ እንደ ወደቀ የሚጠይቀው የለም፤ ተከሳሹም የሚሰማው የለም። ሁለተኛው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ነው። መንደርተኛው ይሰበሰባል፣ እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፣ የተጠረጠረውም ይመልሳል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1969 በእንግሊዝኛ ያሳተመው ልቦለድ ርእሱ ይኸው ሥርዓት ነው። አፈርሳታም እንከን አላጣውም፤ ሰው ሥራውን ፈትቶ ይውልበታል፣ ሐሜትና ቂም ይገቡበታል። ነገር ግን የሰው አፍ ይከፈትበታል። ሌባ ሻይ በመንግሥት ተከልክሎ ቀረ። ያለ ጥያቄ የሚታመን፣ ራሱ የማይጠየቅ ምስክር ግን በሌላ መልክ ተመልሶ የመጣ ይመስላል። የነጥቡ መቆም ብቻውን ከደመወዝ የሚያስቈርጥ፣ ከሥራ የሚያሰናብት ከሆነ፣ ከልጁ አወዳደቅ በምን ይለያል?

ለባለንብረቱም ፍርድ መስጠት ይገባል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ያለ ምክንያት አልተተረተም። አንድ የጭነት መኪና ከነተሳቢው የብዙ ዓመት ቍጠባና የባንክ ብድር ነው። ናፍታ ይሰረቃል፣ ጭነት ይጐድላል፣ በፍጥነት ብዛት ሰው ይሞታል፤ የኢትዮጵያ የትራንስፖርት ባለሥልጣናት የፍጥነት መገደቢያና ጂፒኤስ እንዲገጠም መመሪያ ማውጣታቸውም ከዚህ የተነሣ ነው። ከዚህም በላይ መንገዱ ራሱ አስጊ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 በሶማሌ ክልል በተነሣው ቍጣ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድና የባቡር ሐዲድ በተዘጉ ጊዜ፣ መኪናው የት እንዳለ ማወቅ ለሾፌሩ ቤተሰብም እፎይታ ነበር። ስለዚህ «መሣሪያው ይነቀል» የሚል ክርክር ነገሩን አላጤነውም።

የሎች ፊልም ጕድለትም እዚህ ላይ ነው የሚታየኝ። «አጣንህ» መሣሪያውን በአሠሪው እጅ እንዳለ ጅራፍ ብቻ አድርጎ ያሳየናል፤ በሠራተኛው እጅ ምስክር ሊሆን እንደሚችል ለአንድም ትዕይንት አያስብም። ሪኪ በቀን ስንት ሰዓት እንደሠራ ከመሣሪያው የተሻለ የሚያውቅ የለም። ያ መዝገብ ለሪኪ ቢሰጠው ኖሮ «ራሱን የቻለ ነጋዴ» የሚለውን ሐሰት ለማፍረስ ከበቂ በላይ ነበር። ደራሲው ፖል ላቨርቲ ግን መከራን በመከራ ላይ መደራረብ መርጧል፤ ዝርፊያው፣ ድብደባው፣ የተሰበረው መሣሪያ ዕዳ ተከታትለው ይመጣሉ። ተመልካች ያለቅሳል፤ ነገር ግን መዝገቡ የማን ነው? ብሎ ሳይጠይቅ ከሲኒማ ቤቱ ይወጣል። ለኛ ሾፌር ግን ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው። በወደብ በር ላይ ሦስት ቀን መቆሙን፣ እንቅልፍ ሳይተኛ ሌሊቱን መንዳቱን፣ የውሎ አበሉ ከሠራበት ቀን ማነሱን የሚያስረዳለት ያው ዱካ ነው። ዱካው ለከሳሹ ብቻ ሲነበብ ጅራፍ ይሆናል፤ ለሁለቱም ሲነበብ ምስክር ይሆናል።

ሌላው ዓለም በዚህ ነገር ብዙ ተከራክሯል። በፈረንሣይ የግል መረጃ ጠባቂ የሆነው ክኒል እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣውና በ2015 ባሻሻለው ደንብ፣ የሠራተኛ መኪና ከሥራ ሰዓት ውጭ እንዳይከታተሉት፣ ሠራተኛውም በዕረፍቱ መሣሪያውን ማጥፋት እንዲችል፣ መዝገቡ በመደበኛው ከሁለት ወር በላይ እንዳይቀመጥ ወስኗል። የአገሩ ሰበር ችሎት እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 2011 በሰጠው ፍርድ ደግሞ አሠሪው መሣሪያውን ለሠራተኛው ከነገረው ዓላማ ውጭ ሊጠቀምበት እንደማይችል አረጋግጧል። ፍርዱ ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን አያጋድልም። በፖርቱጋል አንድ የመድኀኒት ኩባንያ ወኪል በድርጅቱ መኪና ላይ በተገጠመ ጂፒኤስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2014 ከሥራ ተሰናብቶ ነበር። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 13 ቀን 2022 በአራት ድምፅ በሦስት «መብቱ አልተጣሰም» ብሎ ፈረደ፤ ምክንያቱም የአገሩ ፍርድ ቤት ከመዝገቡ ውስጥ የተነዳውን ኪሎ ሜትር ብቻ ተቀብሎ ነበር። ሦስት ዳኞች መለየታቸው ነገሩ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ያሳያል።

በኢትዮጵያ በኩል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል፣ ባለ መረጃውም ስለ ራሱ የተያዘውን የማየት መብት እንዲኖረው ያዛል። አዋጁ ገና ለጋ ነው፤ ጋቢና ድረስ ይደርስ እንደሆነ የሚታየው ሾፌሮችና ማኅበሮቻቸው ሲጠይቁበት ነው።

ነገር ግን የፓሪሱን ደንብ እንዳለ ገልብጦ ለዚህ መንገድ ማምጣት አይቻልም። «ከሥራ ሰዓት ውጭ መሣሪያው ይጥፋ» የሚለው ሕግ፣ ሠራተኛው ማታ መኪናውን አቁሞ ወደ ቤቱ እንደሚገባ አስቦ የተጻፈ ነው። የጋላፊው መንገደኛ ግን ማታ የሚገባበት ቤት መኪናው ነው። ይበላበታል፣ ይጸልይበታል፣ ይተኛበታል፣ ለልጆቹ ይደውልበታል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወቅት ድንበር ላይ ተሰልፈው የከረሙት ሾፌሮች ጋቢናቸውን ለብዙ ቀን መኖሪያ አድርገውታል። ማታ መሣሪያው ይጥፋ ቢባል ጭነቱ ለዘራፊ ይጋለጣል፤ አይጥፋ ቢባል ደግሞ የሰው መኝታ ክፍል ይከታተሉታል። መፍትሔው የሚገኘው መሣሪያውን በማጥፋትና በማብራት ላይ ሳይሆን ንባቡን በመገደብ ላይ ይመስለኛል። ሾፌሩ ዕረፍት መግባቱን ካሳወቀ በኋላ መኪናው ካለበት ካልተነቃነቀ በስተቀር ማንም እንዳያነበው፣ ቢነበብም ማን፣ መቼና ለምን እንዳነበበው እንዲመዘገብ ማድረግ ይቻላል። ተጠባቂው እንደሚመዘገብ ሁሉ ጠባቂውም ይመዝገብ።

የመጨረሻው ነገር ፊርማ ነው። «ተስማምቶ ፈርሟል» የሚለው መከላከያ ከሁሉም በላይ ይደጋገማል። በዚህች ከተማ የሥራ ወረቀት በአብዛኛው የሚጻፈው በፈረንሳይኛ ነው፤ ከሚፈርሙት መካከል ግን የሚያነቡት በአማርኛ ብቻ የሆኑ ብዙ ናቸው። ያላነበበውን የፈረመ ሰው ስሙን ሰጠ እንጂ ፈቃዱን አልሰጠም። ወረቀቱ በሚያውቀው ቋንቋ ይቅረብለት፤ «ክትትል» ከሚለው ለስላሳ ቃል ይልቅ ምን እንደሚመዘገብ፣ እስከ መቼ እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ በምን ሊያስቀጣው እንደሚችልና ሲከሰስ ለማን እንደሚመልስ በግልጽ ይጻፍበት። ይህ ለባለንብረቱ ከአንድ ጎማ ዋጋ አይበልጥበትም።

በ«አጣንህ» መጨረሻ የተደበደበው ሪኪ አንድ ዐይኑ አብጦ፣ ቤተሰቡ መኪናውን ከፊት ቆሞ እየለመነው፣ ጥሷቸው ወደ ሥራ ይነዳል። ሎች ፊልሙን የሚቈርጠው መንገድ ላይ ነው፤ ይድረስ አይድረስ አይነግረንም። መሣሪያው ቢጠየቅ ያን ማለዳ የሚመዘግበው አንድ ነገር ነው፤ መኪናው በሰዓቱ ተንቀሳቅሷል ይላል። እውነቱን ተናግሯል፤ ምንም አልተናገረም። የቀረውን መናገር የሰው ድርሻ ነው፤ ለዚያም ሾፌሩ የሚጠየቅበትና የሚሰማበት ቦታ ያስፈልጋል።